በእርባታ ዓሣ ላይ የሚወጡ ጥገኛ ተውሳኮችን በነጭ ሽንኩርት ማከም፦ ለጎንደርና ለአካባቢዋ የኩሬ ባለቤቶች የአሠራር መመሪያ

በአዘዞ፣ በማክሰኝት፣ በቆላ ድባና በጎርጎራ መንገድ ኩሬ ቆፍረው ቀረሶ ከሚያረቡ ሰዎች በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዓሣዎቼ ገላቸውን ከኩሬው ጠርዝ ጋር ይፋትጋሉ፤ መብላትም ቀንሰዋል፤ የትኛውን ቅጠል ወቅጬ ልጨምርላቸው?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎደሎ እየሆነ ስላስቸገረኝ ሙሉውን አሠራር እዚህ ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት በልክ ተመዝኖ በበርሜል ውስጥ ለመንከሪያ፣ እንዲሁም ከመኖ ጋር ተለውሶ ሊሰጥ ይችላል፤ ወደ ኩሬው ግን ምንም ዓይነት የተወቀጠ ቅጠል፣ ሥር ወይም ፍሬ አይጨመርም። መመሪያው የተዘጋጀው ቀረሶን፣ ማለትም በሌላ አካባቢ ቆሮሶ ወይም ቴላፒያ የሚባለውን ዓሣ፣ በአነስተኛ የአፈር ኩሬ ወይም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ኩሬ ለሚያረባ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሊነበብ የሚገባ ማስጠንቀቂያ

ብዙ ሰው «ለሰው ሆድ ትል የሚሆን መድኃኒት ለዓሣም ይሆናል» ብሎ ስለሚያስብ፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ዕፀዋት ኩሬ ውስጥ እንዳይጨምሩ አስቀድሜ አጥብቄ አሳስባለሁ።

- ብርብራ፦ ፍሬው ሮቲኖን የተባለ መርዝ አለው። ይህ መርዝ የዓሣው አካል ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ስለሚያግደው፣ ውኃው በቂ አየር ቢኖረው እንኳ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። የተፈጨ ብርብራ ዓሣ ለማጥመድ የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው።
- እንዶድ፦ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር የዓሣውን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ይጎዳል። ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል ስላለው ብቻ ዓሣ ባለበት ውኃ ውስጥ ሊጨመር አይገባም፤ ቀንድ አውጣውን ሲገድል ዓሣውንም ይገድላልና።
- ትምባሆ፦ ኒኮቲን ለዓሣ እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን እንኳ መርዝ ነው።
- ኮሶ፦ ለሰውም ቢሆን ልኩ ካለፈ የሚጎዳ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ለዓሣ ተብሎ በቤት ውስጥ የሚለካ መጠን የለውም።
- ኒም፦ ከመተማ በኩል ቅጠሉን የሚያስመጡ ሰዎች አሉ። የኒም ጭማቂ ለነፍሳትና ለጥቃቅን የውኃ እንስሳት መርዝ በመሆኑ የዓሣ ጫጩቶች የሚመገቧቸውን ተንሳፋፊ እንስሳት ያጠፋል፤ መጠኑ ሲያልፍም ዓሣውን ራሱን ይገድላል። ስለዚህ ያለ ባለሙያ ክትትል አይሞክሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትኩስ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት (ያልበቀለ፣ ያልሻገተ፣ ፍሬው ሲጫኑት የማይልም)
- ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን
- ሙቀጫና ዘነዘና፣ ንጹሕ ስስ ጨርቅ
- 200 ሊትር የሚይዝ፣ ኬሚካል ወይም ነዳጅ ተይዞበት የማያውቅ የፕላስቲክ በርሜል
- ሁለተኛ በርሜል ወይም ገንዳ፣ ለንጹሕ ውኃ
- የውኃ ሙቀት መለኪያ፣ ሜትር፣ ሰዓት
- በባትሪ ወይም በመብራት የሚሠራ አየር መንፊያ
- ለስላሳ መረብ
- የኑግ ዘይት፣ መኖውን ለመለወስ
- የእጅ ጓንትና ማስታወሻ ደብተር

አሠራር

1. ችግሩ ከውኃው አለመሆኑን ያረጋግጡ። ዓሣዎቹ ማለዳ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱና ፀሐይ ከፍ ስትል የሚረጋጉ ከሆነ፣ ምክንያቱ ተውሳክ ሳይሆን የኦክስጅን ማነስ ነው። በኩሬው ያለው አረንጓዴ አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ስለሚጠቀም ውኃው ሊነጋ ሲል ባዶ ይቀራል። እንዲህ ባለ ኩሬ ውስጥ የተወቀጠ ተክል መጨመር የሚበሰብስ ነገር ማብዛት ስለሚሆን የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ተውሳክ ያለበት ዓሣ ግን በማንኛውም ሰዓት ገላውን ከድንጋይ ወይም ከፕላስቲኩ ጋር ይፋትጋል፣ ክንፎቹን ወደ ገላው ይሰበስባል፣ ገላው ላይ ግራጫ ልጋግ ይበዛበታል፣ አንዳንድ ጊዜም ከመንጋው ተነጥሎ ይቆማል።

2. ሕያው ዓሣ ያስመርምሩ። ምልክት ከሚያሳዩት መካከል 5 ዓሣ በራሱ በኩሬው ውኃ ይዘው ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ቦታ ይውሰዱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በባሕር ዳርም የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ለመነሻም በወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለውን ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። የሞተ ወይም በበረዶ የተያዘ ዓሣ ይዞ መሄድ የድካም ብክነት ነው፤ ብዙዎቹ የውጭ ተውሳኮች ዓሣው ሲሞት ጥለውት ይሄዳሉ ወይም አብረውት ይሞታሉ፤ መርማሪውም «ምንም የለም» ብሎ ይመልስዎታል።

ከገላው ላይ በመስታወት ጠርዝ የተፋቀ ልጋግና ከስንጥቡ ጫፍ የተቆረጠ ቁራጭ ሳይደርቁ መታየት አለባቸው። እንደ ጎማ እየተሽከረከረ የሚሄድ፣ መሐሉ ጥርስ ያለው ቀለበት የሚመስል ከታየ ትሪኮዲና ነው። እንደ አልቅት እየተኮማተረና እየተዘረጋ በኋላው መንጠቆ የተጣበቀ ትንሽ ትል ከታየ ሞኖጂኒያ የተባለው ወገን ነው። በዓይን የሚታዩ እንደ ጨው ፍሬ ያሉ ነጭ ነጠብጣቦች ደግሞ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ምልክቶች ናቸው። ሦስቱን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ በ9ኛው ደረጃ ላይ ይታያል፤ የሕክምናው ድግግሞሽ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

3. መድኃኒት ከማዘጋጀትዎ በፊት ውኃውን ያስተካክሉ። የሞቱትን ያውጡ፤ ከኩሬው ውኃ ሩቡን በንጹሕ ውኃ ይቀይሩ፤ ሊነከሩ የታሰቡትን ዓሣዎች ለ24 ሰዓት መኖ ይከልክሏቸው። ትሪኮዲና የሚበዛው በቆሸሸና ዓሣ በተጨናነቀበት ውኃ በመሆኑ፣ ውኃው ካልተስተካከለ የዛሬው ሕክምና ከሳምንት በኋላ ከንቱ ይሆናል። መኖ የሚከለከለውም ዓሣው በጠባቡ በርሜል ውስጥ ውኃውን በፍግ እንዳይበክልና ብዙ ኦክስጅን እንዳያስፈልገው ነው። የቧንቧ ውኃ የሚጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በክፍት ዕቃ ያሳድሩት፤ ክሎሪን ስንጥብን ያቃጥላል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ያሉ ሰዎች የሚቀይሩትን ውኃ ከሁለት ቀን አስቀድመው ቢያጠራቅሙ ይበጃቸዋል።

4. የበርሜሉን ውኃ በሊትር ያስሉ። በግምት የተጀመረ ሥራ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። አራት ማዕዘን ለሆነ ገንዳ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውኃውን ጥልቀት በሜትር አባዝተው ውጤቱን በ1000 ያባዙ፤ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነና 50 ሳንቲ ሜትር ውኃ የያዘ ገንዳ 1000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ለበርሜል ግን 3.14ን በአፉ ስፋት ግማሽ፣ እንደገና በዚያው ግማሽ፣ ከዚያም በውኃው ከፍታ ያባዙ። የአፉ ስፋት 57 ሳንቲ ሜትር በሆነና ውኃው 60 ሳንቲ ሜትር በደረሰ በርሜል ስሌቱ 3.14 × 0.285 × 0.285 × 0.6 ሲሆን፣ ውጤቱ 0.153 ነው፤ ይኸውም 153 ሊትር ነው። በርሜሉ «የ200 ሊትር» ስለተባለ ብቻ በ200 ሊትር ልክ ያዘጋጀ ሰው መጠኑን በሲሶ ያህል አሳልፏል።

ይኸው ስሌት ኩሬውን በሙሉ በነጭ ሽንኩርት ማከም ለምን እንደማይሆን ያሳያል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100,000 ሊትር ይይዛል፤ ለሊትር 200 ሚሊ ግራም ቢታሰብ 20 ኪሎ ግራም ነጭ ሽንኩርት ይጠይቃል። ወጪው አንድ ነገር ሆኖ፣ ያ ሁሉ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ የሚያስከትለው የኦክስጅን እጥረት ከተውሳኩ የከፋ ነው።

5. ነጭ ሽንኩርቱን ያዘጋጁ። የመነሻው መጠን በ1 ሊትር ውኃ 200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ለ5 ሊትር 1 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ለ150 ሊትር 30 ግራም ይሆናል። ልጠው ይመዝኑ፤ ልጡ ተመዝኖ ከገባ ስሌቱ ይዛባል። ከዚያ በሙቀጫ አድቅቀው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ይህ መቆየት ችላ የሚባል ነገር አይደለም፦ ተውሳኩን የሚጎዳው አሊሲን ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ የለም፤ ፍሬው ሲደቅ በውስጡ ለየብቻ የነበሩ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም ደግሞ በሙቀት ስለሚጠፋ የተቀቀለ ወይም በፈላ ውኃ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ለዚህ ሥራ አይረባም። ከ10 ደቂቃው በኋላ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው በስስ ጨርቅ አጥብቀው ያጥሉት፤ ዝቃጩ በርሜሉ ውስጥ ከገባ ስንጥብ ላይ ይለጠፋል፣ ውኃውንም ያበላሻል። ጭማቂውን በዚያው ሰዓት ይጠቀሙበት። ትናንት ተዘጋጅቶ ያደረው ኃይሉን ስለሚያጣ አይጠቅምም። ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎን አይንኩ።

6. በ5 ዓሣ ይሞክሩ። ለመሞከሪያው ባልዲ 20 ሊትር ውኃ ካለው 4 ግራም ብቻ ይበቃል። 5 ዓሣ ለ1 ሰዓት ያቆዩ፤ ከዚያ ወደ ንጹሕ ውኃ አዛውረው 24 ሰዓት ይጠብቁ። አንድም ከሞተ መጠኑን በግማሽ ቀንሰው እንደገና ይሞክሩ። የዓሣው ዕድሜ፣ የውኃው ሙቀትና የነጭ ሽንኩርቱ ብርታት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ በሌላ ሰው ኩሬ የሠራው መጠን በእርስዎ ኩሬ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። የሐበሻው ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ከውጭ ከሚገባው ትልቁ ይልቅ ሽታው ይበረታል፤ አንዱን ትተው ሌላውን ሲገዙም ሙከራውን ይድገሙት። የኩሬውን ዓሣዎች በአንድ ከሰዓት ያጣ ሰው ከጠየቀኝ በኋላ ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘል እለምናለሁ።

7. ዓሣዎቹን ይንከሩ። የበርሜሉ ውኃ ከኩሬው ውኃ ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ የተመታ ዓሣ ሕክምናውን አይቋቋምም። አየር መንፊያውን አስቀድመው ያስነሡ፤ ጭማቂውን ጨምረው በደንብ ያማስሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓሣዎቹን በመረብ ያስገቡ። በ150 ሊትር ውስጥ በአንድ ዙር ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ዓሣ አይጨምሩ። ለ1 ሰዓት ያቆዩ፤ ከበርሜሉ አጠገብ ግን አይራቁ። ዓሣ በጎኑ ከወደቀ፣ አየር ፍለጋ ገጹ ላይ ከወጣ ወይም ከበርሜሉ ለመዝለል ከታገለ ሰዓቱ ባይሞላም ሁሉንም ወደ ንጹሕ ውኃ ያዛውሩ። ሥራው በማለዳ ቢሠራ ይሻላል፤ በቀትር የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። የተጠቀሙበትን ውኃ አፈር ላይ ይድፉት፤ ወደ ኩሬውም ሆነ ወደ መገጭ፣ ወደ አንገረብ ወይም ወደ ሌላ ወንዝ አይልቀቁት።

የሚቻል ከሆነ የታከሙትን ዓሣዎች ለአንድ ሳምንት በተለየ ገንዳ ያቆዩአቸው። ወደዚያው ኩሬ ወዲያው ቢመለሱ በውኃው ውስጥ የቀሩት ተውሳኮች እንደገና ይይዟቸዋል። ሁለተኛ ገንዳ የሌለው ሰው በእያንዳንዱ የመንከሪያ ቀን ከኩሬው ውኃ ሩቡን መቀየር አለበት።

8. በመኖው ይደግፉ። የሚበሉ ዓሣዎች ካሉ ከመንከሪያው ጎን ለጎን ለ10 እስከ 14 ቀን ነጭ ሽንኩርት ያለበት መኖ ይስጡ። ለ1 ኪሎ ግራም መኖ 20 ግራም የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት በቂ ነው። ምሳሌ፦ 300 ዓሣ ካለዎትና አማካይ ክብደታቸው 80 ግራም ከሆነ ጠቅላላው 24 ኪሎ ግራም ነው፤ የቀኑ መኖ የክብደታቸው 2 በመቶ ሲሆን 480 ግራም ይሆናል፤ ለዚህ ወደ 10 ግራም ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል። አድቅቀው 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ከሁለት የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት ጋር ቀላቅለው፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ የተዘጋጀውን እንክብል ይለውሱበት፤ በጥላ ለግማሽ ሰዓት ያድርቁት። ዘይቱ የሚጨመረው መድኃኒቱ ዓሣው ሳይበላው በውኃ ታጥቦ እንዳይቀር ነው። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ለነገም አያሳድሩት።

የዱባ ፍሬ ተፈጭቶ ከመኖ ጋር ቢቀላቀል ጉዳት የለውም፤ ለአንጀት ትል ረዳት ሊሆን ይችላል እንጂ ከስንጥብና ከገላ ላይ ያለውን ተውሳክ አያስለቅቅም። በፓፓያ ውስጥ ያለው ጥቁር ዘር ደግሞ የቀረሶን የመራባት አቅም ስለሚቀንስ ለእናትና ለአባት ዓሣዎች ፈጽሞ አይስጡ።

9. እንደ ተውሳኩና እንደ ውኃው ሙቀት ይድገሙ። ትሪኮዲና ራሱን በመክፈል እዚያው ዓሣው ላይ የሚባዛ በመሆኑ 3 ተከታታይ ቀን መንከር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሞኖጂኒያ ወገን ስንጥብ ላይ የሚኖሩት ግን እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉን ጭማቂው አይደፍረውም። ስለዚህ 3 ቀን ነክረው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ፣ ከእንቁላል የወጡት አድገው ሌላ እንቁላል ሳይጥሉ፣ እንደገና 3 ቀን ይንከሩ።

ነጭ ነጠብጣብ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። ነጠብጣቡ በዓሣው ቆዳ ሥር የተሸሸገ ስለሆነ ምንም ዓይነት መንከሪያ አይነካውም፤ የሚጠፋው ከዓሣው ወጥቶ፣ ከተባዛ በኋላ አዲስ ዓሣ ፍለጋ በውኃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ይህ ዑደት ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ግን 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለሞቃት አገር የተጻፈ መመሪያ «5 ቀን በቂ ነው» ቢል፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ለሚቀዘቅዝ የጎንደር ኩሬ አይሆንም። አንድ ቀን እየዘለሉ ይንከሩ፤ የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላም አንድ ሳምንት ይቀጥሉ። በየቀኑ ማለዳና ከሰዓት የለኩትን የውኃ ሙቀት በደብተርዎ ይመዝግቡ፤ የድግግሞሹን ርቀት የሚነግርዎት እሱ ነው።

10. ውጤቱን በማይክሮስኮፕ ያረጋግጡ። ከመጨረሻው መንከሪያ አንድ ሳምንት በኋላ እንደገና 5 ሕያው ዓሣ ያስመርምሩ። መፋተግ ማቆማቸው ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥቂት ተውሳክ የቀረበት ዓሣ ምልክት ሳያሳይ ይቆይና ውኃው ሲቆሽሽ እንደገና ይነሣበታል።

ነጭ ሽንኩርት የማይደርስባቸው

በዓይን የሚታዩ ሁለት ተውሳኮች አሉ፦ እንደ ክር ከቅርፊት ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየው ሌርኒያና፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በገላው ላይ የሚሄደው የዓሣ ቅማል። ዓሣዎቹ ጥቂት ከሆኑ በወረንጦ መንቀል፣ ከዚያም በ1 ሊትር 10 ግራም የገበታ ጨው ባለበት ውኃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ አቆይቶ መመለስ ይሻላል፤ ጨው የተነቀለበትን ቁስል ያጸዳል። የዓሣ ቅማል እንቁላሉን የሚለጥፈው በጠንካራ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ጥቂት ጣውላዎች ኩሬው ውስጥ አቁመው በየሳምንቱ እያወጡ ቢፍቋቸውና ፀሐይ ላይ ቢያደርቋቸው ቁጥሩ ይቀንሳል።

በሥጋው ውስጥ የሚገኘው ቢጫ ትል ደግሞ በየትኛውም ቅጠል አይወጣም፤ በሽፋን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ወደ ኩሬው የሚያመጡት ዓሣ በላ ወፎች ሲሆኑ፣ በመካከል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የኩሬውን ዳር ሣር ማጨድ፣ ከላይ መረብ መዘርጋት፣ ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን አፍስሶ መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ ማድረቅና በካሬ ሜትር 100 ግራም ያህል ያልበረደ ኖራ መበተን መፍትሔው ነው። ኖራው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ኩሬው ውኃ ከሞላ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ጫጩት አይግባበት። እንዲህ ያለ ትል የታየበትን ዓሣ በጥሬው አይብሉ፤ በደንብ ይብሰል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

«ትንሽ ከረዳ ብዙ ይበልጥ ይረዳል» ብሎ መጠኑን እጥፍ ማድረግ፤ አሊሲን ሲበዛ የዓሣውንም ስንጥብ ይጎዳል። ሁለትና ሦስት ዓይነት ተክል ቀላቅሎ መጨመር፤ ዓሣው ቢሞት የትኛው እንደ ገደለው፣ ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። ምልክቱ ሲጠፋ በሁለተኛው ቀን ማቆም። የታመመ ዓሣ የተያዘበትን መረብ ሳያደርቁ ወደ ሌላ ኩሬ ማስገባት፤ መረቡ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ከሌላ ሰው የተገዛን ጫጩት በዕለቱ ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው ቆይቶ፣ ተመርምሮ መግባት አለበት። ከጣና የተያዘ የዱር ዓሣ ለማራቢያ ብሎ ኩሬ ውስጥ መጨመር ከዚህ የባሰ ነው፤ በሐይቁ ዓሣዎች ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊጉላ የተባለው ረጅም ትል ይገኛል፤ ሌሎች ተውሳኮችም አብረው ይመጣሉ።

በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ብዙዎች ለዚያ ጊዜ ያዘጋጃሉ። የነጭ ሽንኩርቱን መኖ ለገበያ ከማውጣትዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ያቁሙ፤ ሽታው በሥጋው ላይ እንዳይቀር ነው። በዚያ ሳምንት ዓሣዎቹ ያለ መድኃኒት የተዘጋጀውን የዘወትር መኖ ይመገቡ፤ ለገበያ ከሚወጡበት ቀን በፊት ባለው አንድ ቀንም መኖ አይሰጣቸው።